ባነሩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባነርና ፖስተር አትማለሁ። የቴአትር ልጆች ሥራ ሲያዝዙኝ ሁሌም የምታከራክረን ከርዕሱ ሥር ያለችው መስመር ናት። «ኮሜዲ» ትባል ወይስ «ትራጄዲ»? እናንተም የመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ቴአትር ጎን ያችኑ አንድ ቃል ትለጥፋላችሁ። የምጽፍላችሁ ስለሷ ነው።

ባለፈው ጥቅምት «ኮሜዲ» ብዬ ያተምኩለትን ቴአትር ከእናቴ ጋር አየሁ። ታሪኩ ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች በእድሩ ድስት ይጨቃጨቃሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ የሟች እናት ገባች። የልጇን ጃኬት ከሚስማሩ አውርዳ አሸተተችው። አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ ግን ሳቁን አላቆመም። አልፈረድኩበትም፤ ኮሜዲ ነው ተብሎ ነው የገባው። ቃሉን ያተምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስንወጣ «ታዲያ ምን ልበለው?» አልኳት እናቴን።

«ለቅሶ ቤት አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሠልስት ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ሟች በሕይወቱ የሠራውን ጉድ እያነሱ ይስቃሉ። የሩቅ ዘመድ እየጮኸ ሲገባ ደግሞ እነዚያው ሰዎች አብረውት ያለቅሳሉ።

ቴአትር የተማረ አንድ ደንበኛ አለኝ። ነገሩ ከጥንትም ያጣላ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ሩሲያዊው ቼኾቭ «የቼሪ አትክልት» የተባለውን ተውኔቱን ኮሜዲ ነው ብሎ ጻፈ። በፈረንጆቹ 1904 ሞስኮ ላይ ያዘጋጀው ስታኒስላቭስኪ ግን ትራጄዲ ነው አለ። ደራሲው በጣም ቅር አለው። ተውኔቱ እስከ ዛሬ በሁለቱም መንገድ ይሠራል። የኛው በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምም አውሬዎችን የሚያናግር ተውኔታቸውን «ኮሜዲያ» ብለውታል። ግን የሹማምንቱን ብልሹ አሠራር ነካ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ለሳቅ ብቻ ቢሆን ማን ያግደው ነበር?

እባካችሁ፣ በዚያች ቃል ፋንታ ሁለት መስመር ጻፉልን። ታሪኩ የት ነው? ማን ከማን ጋር ተጣላ? አንባቢ ስቆ ይግባ ወይ ፈርቶ ይግባ፣ ራሱ ይወቀው። ያ ቴአትር ድጋሚ ሲታይ እኔ «ኮሜዲ» የሚለውን አውጥቼ «አንድ ድንኳን፣ ሦስተኛው ቀን» ብዬ አትሜለታለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ከበዳቸው። ኋላ ሌላ ባነር ሲያዝዙኝ ግን መስመሯን ራሳቸው ጽፈው መጡ።

አክባሪያችሁ፣
ባነር አታሚው፣ ከአዳማ