ደም የሚያስታውክ የጉበት ሕመምተኛ ያለ መድኃኒት አይላክ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጉበት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ስለሚሞላበት ሕመም) ያወጣችሁት ጽሑፍ ቢጫነትንና የሆድ ማበጥን በሰፊው ሲያብራራ፣ ሕመምተኛን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችለውን የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች መድማት በአንድ መስመር አልፎታል።

ጠባሳ የሞላው ጉበት ደም አላሳልፍ ሲል፣ ከአንጀት ደም በሚያመጣለት ፖርታል በተባለው ሥር ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ደሙም ወደ ምግብ ቧንቧ ሥሮች ይገፋል። በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው በፖርታሉና ከጉበት በሚወጣው ሥር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 10 ሲደርስ የምግብ ቧንቧ ሥሮች ማበጥ ይጀምራሉ፤ 12 ከደረሰ ሊፈነዱ ይችላሉ። ይህን ልኬት በየሆስፒታሉ መጠበቅ አይቻልም። የሲሮሲስ ሕመምተኛ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በማይክሮሊትር ከ150,000 በታች ከሆነ ግን ኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ የምግብ ቧንቧን ማየት) ለማዘዝ በቂ ምክንያት ነው። ትልልቅ ያበጡ ሥሮች ከታዩ የፖርታሉን ግፊት የሚቀንሰው ፕሮፕራኖሎል 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ55 እስከ 60 እስኪሆን ቀስ በቀስ ይጨመራል። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 ከወረደ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ሕመምተኛው «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ሲያቋርጠው ግን ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሪፈሩ፣ ማለትም የሚደማውን ሕመምተኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል መላኩ ነው። ከሊሙ ወይም ከሶኮሩ ጅማ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ኢንፌክሽን ይገባል፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ መድማቱ እንዲያገረሽ ያደርጋል። ደምም በልክ ይሰጥ፤ ሄሞግሎቢንን (የደም መጠን መለኪያውን) በዴሲሊትር ከ8 ግራም በላይ መግፋት የፖርታሉን ግፊት ጨምሮ መድማቱን ያባብሳል።

የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ኢንፌክሽንን የሚከላከለው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በደም ሥር ሳይሰጠው እንዲህ የሚደማ ማንም ሕመምተኛ እንዳይላክ ለጤና ጣቢያዎች መመሪያ ያውርድ። በሪፈር ወረቀቱ መድማቱ የጀመረበት ሰዓት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይጻፍ። ሕመምተኛው በደረሰ በ12 ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒው እንዲሠራለትም ተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድሞ በስልክ ይነገረው።

አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከጅማ