የካርዴን ጣሪያ ስለማስጨመር ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣
ደሴ

አሰላሙ አለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጥቅምቱ ብርድ ጉልበትዎ ላይ እንዳልጠና ተስፋ አለኝ። እማዬም ደኅና መሆኗን ከወንድሜ ሰምቻለሁ። እኛ እዚህ ቨርጂኒያ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

በስልክ ማውራቱን ትቼ ወደ ወረቀት የመጣሁት፣ ወንድሜ «የባንክ ዕዳዋን ልታስጨምር ነው» ብሎ ከነገረዎ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ያለሽ አይበቃሽም ወይ ልጄ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ መስመሩም እየተቆራረጠ መልሴ ግማሽ ግማሹን ብቻ ስለሚደርስዎ ነው። ቁጥር ያለበትን ነገር ደግሞ እርስዎ መነጽርዎን አድርገው ካላዩት እንደማይቀበሉት አውቃለሁ።

የማስጨምረው ዕዳዬን አይደለም። በአሁኑ ሰዓት፣ ባንኩ ቀድሞ እየከፈለልኝ እኔ በየወሩ በምመልስበት በክሬዲት ካርዱ ላይ ያለብኝ የወሩ አስቤዛና የመኪናው ነዳጅ ብቻ ነው። የማስጨምረው ባንኩ በካርዱ እስከ ስንት ድረስ እንድገዛ የፈቀደልኝን ጣሪያ ሲሆን፣ እሱም ዛሬ 4,000 ዶላር ነው፤ 8,000 እንዲያደርግልኝ ልጠይቅ አስቤያለሁ። ቢፈቀድልኝም በማግስቱ አንድ ሳንቲም ወደ እጄ አይገባም፣ አንድ ሳንቲም ዕዳም አይመዘገብብኝም።

ይህን ነገር ከእርስዎ በተሻለ የሚረዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፒያሳ ያለውን ሱቅ በያዙበት ዘመን፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘው ረጅሙ የዱቤ ደብተር ከሚዛኑ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ገጽ ነበረው፣ የተከፈለውም በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ድምሩን ስደምርልዎ፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት ሳይዘገይ መጥቶ ሒሳቡን የሚዘጋው መምህር ለልጁ ሠርግ ስኳርና ዘይት ከወትሮው ከፍ አድርገው እንዲይዙለት ሲጠይቅዎ ሳያቅማሙ ይጽፉለት እንደነበር አስታውሳለሁ። የመስከረሙን ዱቤ ሳይዘጋ በኅዳር ተጨማሪ ለሚጠይቀው ሰው ግን ዘይት አልቋል ይሉት ነበር፤ ዘይቱ ከኋላዎ ተደርድሮ እየታየ። የእዚህ አገር ባንክም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ጭማሪ የሚገኘው ሰው በማይቸገርበት ሰዓት ሲጠይቅ ነው፣ ሲቸገር ግን ዘይቱ ያልቃል።

ልዩነቱ የእርስዎን ደብተር ከእርስዎና ከእኔ በስተቀር የሚያየው አለመኖሩ ነው። እዚህ ባንኩ የእያንዳንዳችንን ገጽ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ለሚባሉ ሦስት መዝጋቢ ድርጅቶች ያስተላልፋል፤ ከእነሱም መዝገብ ሰው ብድሩን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚመልስ ለአበዳሪዎች የሚያሳይ፣ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይወጣል። ፋይኮ በሚባለው በብዙ አበዳሪዎች ዘንድ በተለመደው ስሌት 35 በመቶው የሚመዘነው በቀኑ በመክፈል ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ባለው ዕዳ መጠን ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ ከተፈቀደው ጣሪያ ምን ያህሉ እንደተያዘ በጥብቅ ይታያል። እኔ በወር 1,200 ዶላር ያህል በካርዱ እገዛለሁ። ይህ ከ4,000ው 30 በመቶ ነው፤ ጣሪያው 8,000 ቢሆን ግን ያው ወጪ 15 በመቶ ብቻ ይሆናል፣ ያነሰውም ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንኩን ባላስቸገርኩ ነበር፤ የወሩ የሒሳብ መግለጫ ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሜ አብዛኛውን ብከፍል፣ ወደ መዝገቡ የሚተላለፈው ቀሪው ትንሽ ስለሚሆን ያንኑ ጥቅም ያለ ጭማሪ አገኘዋለሁ።

የወለዱ ነገር ከሁሉ በላይ እንደሚያሳስብዎ አውቃለሁ። የወሩ መግለጫ ከተላከ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን የመክፈያ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ ሙሉውን የከፈለ ሰው በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ አይታሰብበትም። እኔም ሙሉው ሒሳብ ከደመወዜ በቀጥታ እንዲከፈል አድርጌያለሁ፤ እስከ ዛሬ ወለድ የሚባል አልከፈልኩም። ካርድ መያዙ ራሱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማዎቹ እተወዋለሁ፤ እኔ ግን ሙሉውን መክፈል የማልችልበት ወር ከመጣ ካርዱን በመሳቢያ እቆልፍበታለሁ። በዓመት 24 በመቶ በሚያስከፍል ካርድ ላይ 5,000 ዶላር ለአንድ ወር ብቻ ቢያድር ወለዱ 100 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ለእናንተ ልልከው የምችለው ገንዘብ ነው።

ታዲያ ለምን አሁን ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ወንድሜ በጥር ሲዳር አራታችንም መምጣታችን የማይቀር ነው፤ የአራት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ ዛሬ ካለው ጣሪያ በላይ ነው። የቲኬቱን ገንዘብ ባለቤቴና እኔ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ በቁጠባ ይዘነዋል። በካርድ የምንገዛው ጉዞው ቢሰረዝ ወይም ሒሳቡ ቢሳሳት በካርዱ በኩል መከራከር ስለሚቀል ነው፤ በዚያው ሳምንትም እንከፍለዋለን።

ሁለተኛው ምክንያት ደመወዜ ነው። በነሐሴ የሥራ ደረጃዬ ከፍ ብሏል፤ ባንኩ ግን የሚያውቀው ካርዱን ሳወጣ የነገርኩትን የድሮውን ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የካርድ ሕግ ባንኮች ጣሪያ ከማሳደጋቸው በፊት ሰውየው የመክፈል አቅም እንዳለው እንዲያዩ ያስገድዳቸዋል። በስልኬ ላይ ያለው የመጠየቂያ ገጽ አጭር ነው፤ ዓመታዊ ገቢዬን፣ የሥራዬን ሁኔታ፣ በወር ለቤት ኪራይ የማወጣውንና የምፈልገውን ጣሪያ ይጠይቃል። በእነዚህ ክፍት ቦታዎች ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ሳልፈራ መሙላት የምችለው የአዲሱ ደመወዝ ወረቀት በእጄ ስላለ ነው። ብዙ ባንኮች ካርዱ ከወጣ ወይም ያለፈው ጭማሪ ከተሰጠ ስድስት ወር ሳይሞላ ጥያቄ አይቀበሉም፤ እኔ ያንን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የቤቱ ጉዳይ ነው። ኢንሻአላህ በሰኔ ለቤት መግዣ ብድር ማመልከታችን አይቀርም፤ ይህንንም ከወለድ ነጻ በሆነ መንገድ ለማድረግ እየጠየቅን ነው። የትኛውም አበዳሪ ቢሆን መዝገባችንን ገልጦ ያያል። አንዳንድ ባንኮች የጣሪያ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ነጥብ ላይ ምንም የማይነካ ቀላል ምርመራ ብቻ ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት የሚቆይና በፋይኮ ስሌት ለአንድ ዓመት የሚቆጠር ከባድ ምርመራ ያደርጋሉ። አንዱ ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚቀንሰው ከ5 ነጥብ በታች ነው፤ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ለቤት ሲያመለክቱ ትንሹም ነገር ይጠየቃል። ስለዚህ ገጹን ከመሙላቴ በፊት ለባንኩ ደውዬ የሚያደርገው የትኛውን ምርመራ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀላሉን ነው ካሉኝ የወሩን ሒሳብ ዘግቼ በኅዳር አጋማሽ አመለክታለሁ። ከባዱን ነው ካሉኝ ጥያቄውን እተወዋለሁ፤ ሁለቱን ቲኬት ገዝቼ እከፍላለሁ፣ ክፍያው ሲገባ የቀሩትን ሁለቱን እገዛለሁ። ዋጋው በመካከሉ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ቢሆንም ከቤቱ ጉዳይ አይበልጥብኝም።

ባንኩ እምቢ ቢለኝም ነገሩ ውርደት የለበትም። ሕጉ ምክንያቱን በ30 ቀን ውስጥ እንዲነግረኝ ወይም ምክንያቱን የመጠየቅ መብት እንዳለኝ እንዲያሳውቀኝ ያስገድደዋል፤ ያንን አይቼ መዝገቡ ላይ የተሳሳተ ነገር ካለ አስተካክላለሁ። የሦስቱንም ድርጅቶች መዝገብ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ስለሚቻል ትናንት አይቼዋለሁ፤ እንከን አላገኘሁበትም።

አሁን ደግሞ በግልጽ ልነግርዎ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወንድሜ ወሬውን ኮምቦልቻ ላለው አጎቴ ስለነገረው፣ አጎቴ «8,000 ዶላር ተፈቅዶላታል» ብሎ በብር አስልቶ ለሱቁ ማስፋፊያ እንድልክለት መልእክት ልኮብኛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በብር ሲመነዘር ቁጥሩ ስላበጠ ሰው ቢጓጓ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ይህ ገንዘብ የለም። ከክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ዕቃ እንደመግዛት አይደለም፤ ክፍያ አለው፣ ወለዱም 21 ቀን ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከዕቃ ግዢው ይበልጣል። በገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት በኩል በካርዱ ብልክም ብዙ ባንኮች የሚቆጥሩት እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው። አንድ የወሎ ልጅ እዚህ የሥራ ሰዓቱ በተቀነሰበት ሰሞን ጣሪያውን አስጨምሮ ወደ አገር ቤት ላከበት፤ ዛሬ በየወሩ ባንኩ የግድ የሚለውን ትንሹን ክፍያ ብቻ እየከፈለ ዋናው አልነቃነቅለት ብሏል። ትንሹ ብቻ ሲከፈል ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ እዚያው የወሩ መግለጫ ላይ በሣጥን ውስጥ ተጽፎ ይመጣል፤ ያንን ሣጥን አንድ ጊዜ አሳይቶኝ ዓመቶቹን ሳይ ደንግጫለሁ።

ስለዚህ አባባ፣ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲሄዱ ለአጎቴ ይህንን በእርስዎ አንደበት ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ ከእኔ ቢሰማው ንፉግነት ይመስለዋል። የእናንተን እንደ ወትሮው ከደመወዜ በየወሩ እልካለሁ፣ ለእሱም በዓል ሲሆን የአቅሜን አልቀርም። ለሱቁ ካፒታል የሚፈልግ ከሆነ ግን እንደ ዘምዘም ያሉ ከወለድ ነጻ ባንኮችን ሄዶ ቢያነጋግር ይሻለዋል፤ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ወረቀቱን ይዞ ይሂድ።

ከእርስዎ የምፈልገው የሠርጉን ቁርጥ ቀን ብቻ ነው። ከሙሽራዋ ቤተሰብ ጋር ተመካክረው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢያሳውቁኝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የሚበረውንም ቲኬት አብሬ እቆርጣለሁ። በመንገድ ኑ የሚለውን ሐሳብ ወንድሜ ይተወው፤ ከሁለት ልጆች ጋር ከአዲስ አበባ በመኪና አንመጣም።

ዱአዎ አይለየኝ።

ልጅዎ
ከቨርጂኒያ