ቁጥር ፍለጋ ለወጣችው ጓደኛዬ

ይድረስ እንደ እህቴ ለማይሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ በቁጥር ወሬ ብመለስ አትፍረጂብኝ፤ ጥያቄውን የላክሽው አንቺው ነሽ። ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ለምትጽፊው ጽሑፍ «እምነት የሚጣልበት አሃዝ ኢንተርኔት ላይ ከየት ላግኝ?» ብለሻል። ቦታውን መጠቆም ቀላል ነው። ጣጣው ካገኘሽው በኋላ ነው የሚጀምረው።

«ከኢትዮጵያ ልጃገረዶች 40 በመቶው ያለዕድሜያቸው ይዳራሉ» የሚለው በየድረ ገጹና በየበራሪ ወረቀቱ ሲዞር ሳታዪው አትቀሪም። አሃዙ ውሸት አይደለም፤ አባባሉ ግን የተጣመመ ነው። ምንጩ እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲኤችኤስ) ሲሆን መረጃው የተሰበሰበው ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ነው። ዳሰሳው ያለው እንዲህ ነው፦ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከነበረ ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል። ለምን ከ20 እስከ 24? የ15 ዓመቷ ልጅ ዛሬ አላገባችም ማለት በ17 ዓመቷ አታገባም ማለት ስላልሆነ፣ የሚቆጠሩት 18ን ያለፉት ናቸው። እንግዲህ ያ 40 በመቶ የሚናገረው በአብዛኛው በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ስለተፈጸሙ ጋብቻዎች ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ስላለችው ልጅ የሚለው ነገር የለም።

ስለዚህ ጠቃሹን ትተሽ ሰንጠረዡ ድረስ ውረጂ። የዲኤችኤስ ፕሮግራም ድረ ገጽ ላይ የዋናው ሪፖርት መለያ ኤፍአር328 ነው፤ በላቲን ፊደል ጽፈሽ ፈልጊው። ፒዲኤፉ ያለ ምዝገባ የሚወርድ ነው። ማጠቃለያውን ዝለዪና ምዕራፍ 4ን፣ የጋብቻውን፣ ክፈቺ። ከቁጥሩ በፊት የሰንጠረዡን ርዕስ አንብቢ፤ «ከእነማን መካከል» የሚለው እዚያ ነው ያለው። ቀጥሎ ቅንፍ ፈልጊ። በቅንፍ የተቀመጠ አሃዝ ቁጥራቸው ከ25 እስከ 49 በሆነ ሰዎች መልስ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው፤ በኮከብ የተተካው ደግሞ ከ25 ሰው በታች ስለሆነ ሆን ተብሎ አልታተመም። ቅንፉን አውልቀው አሃዙን ብቻ የሚገለብጡ ብዙ ናቸው፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ክልልን ከክልል ልታነጻጽሪ ከፈለግሽም አስቀድመሽ የናሙና ስሕተት (ሁሉም ሳይሆን የተመረጡ ብቻ ስለተጠየቁ የሚመጣው የግምት ልዩነት) ያለበትን ሁለተኛውን አባሪ እዪ። ለዋና ዋና አመልካቾች በየክልሉ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ተሰጥቷል። የሁለቱ ክልሎች ወሰን በሰፊው ከተደራረበ «ይኸኛው ይብሳል» ለማለት አትቸኩዪ።

ጥሬ መረጃውን ራስሽ ልትተነትኚ ካሰብሽ ምዝገባና የጥናትሽ አጭር መግለጫ ይጠየቃል። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ክብደት፣ ማለትም የእያንዳንዱ መላሽ ድርሻ ከሕዝቡ ጋር እንዲመጣጠን የሚሰጥ ማባዣ ነው፦ እንደ ሐረሪና ድሬዳዋ ካሉ ትንንሽ አካባቢዎች ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ሰው ስለተጠየቀ፣ ክብደት ሳትሰጪ ያወጣሽው አገር አቀፍ አማካይ ወደ ከተማ ያዘነብላል። «ቪ005» የሚባለውን ዓምድ ለአንድ ሚሊዮን አካፍለሽ ተጠቀሚ፤ ለቤት ውስጥ ጥቃት ክፍል ግን ከየቤቱ የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች የራሱ ክብደት «ዲ005» አለው። ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፦ የኢትዮጵያ ፋይሎች ቀናቸው በእኛው አቆጣጠር ነው የተመዘገበው። ከሌላ አገር ጋር ስታስተያዪ በፋይሉ ውስጥ በወራት ብዛት ተሰልቶ የተጻፈው ቀን ላይ 92 ወር ጨምሪበት፤ ያለበለዚያ ሁሉም ነገር ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ስለ ግርዛትም አንድ አንቀጽ እንደምታክዪ ነግረሽኛል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 74፣ በ2016 65 ነበሩ። የ2011 ዳሰሳ ጥያቄውን አላነሳም፤ የ2019 አጭሩ ዳሰሳም እንዲሁ፤ ስለዚህ የ2011 ነጥብ ያለበት ግራፍ ካጋጠመሽ ከየት እንደመጣ ጠይቂ። ከጠቅላላው አሃዝ ይልቅ የዕድሜ ክፍፍሉ ይናገራል፦ በ2016 ከ15 እስከ 19 ባሉት 47 በመቶ፣ ከ45 እስከ 49 ባሉት 75 በመቶ።

በመቶኛን ወደ ሰው ቁጥር ስትለውጪ ደግሞ ጠንቀቅ በዪ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ 1999 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና የተባበሩት መንግሥታት በሚሰጡት የሕዝብ ብዛት መካከል ከ20 ሚሊዮን ሰው በላይ ልዩነት አለ። አንዱን ምረጪና የማን እንደሆነ ጻፊ፤ ሁለቱን አንድ ጽሑፍ ውስጥ አትቀላቅዪ።

በጉግል ስኮላር፣ በጥናታዊ ጽሑፎች መፈለጊያው፣ የሚመጡልሽን የአገር ቤት ጥናቶች አልንቅም። ብቻ «የጥናት ዘዴ» የሚለውን ክፍል ቀድመሽ እዪ። በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ለሕክምና የመጡ ሴቶችን የጠየቀ ጥናት ስለዚያ ጤና ጣቢያ ተገልጋዮች እንጂ ስለ ወረዳው ሴቶች ሁሉ አይመሰክርም። ርዕሱ ግን ወረዳውን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል።

ያገኘሽውን ሁሉ ዛሬውኑ ኮምፒውተርሽ ላይ አውርጂ። የዲኤችኤስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ተቋርጦበታል። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲም ስሙ ሲቀየር ብዙ የድሮ ማያያዣዎች የማይከፈቱ ሆነዋል፤ የድሮውን አድራሻ ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድሮ ድረ ገጾች ማኅደር ላይ ለጥፈሽ ሞክሪ። ፋይሉን ስታስቀምጪ ስሙ ላይ የዳሰሳውን ዓመትና ያወረድሽበትን ቀን ጨምሪ።

ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ። የሰንጠረዥ ቁጥር ያልተጻፈለትን አሃዝ ሁሉ በቀይ አሰምርበታለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።

ጓደኛሽ