የኢሜይል ፖርቶችን ስለመዝጋታችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቆዩ ስልኮችና በቢሮ ስካነሮች ላይ ኢሜይላችሁ ድንገት አልሠራ በማለቱ ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችሁ ጽፋችሁልናል። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር የሚያልፍባቸውን ፖርቶች (ፕሮግራማችሁ ከሰርቨራችን ጋር የሚገናኝባቸውን ባለቁጥር መግቢያዎች) ዘግተናል፤ መልሰን ግን አንከፍታቸውም።

በፖርት 110 እና 143 የይለፍ ቃላችሁ የሚጓዘው ሳይታሸግ እንደተላከ ደብዳቤ ነበር። ያልተቆለፈ ዋይፋይ ላይ አብሯችሁ ያለ ሰው በነፃ በሚገኝ የኔትወርክ መመርመሪያ ሊያነበው ይችላል፤ ማንበቡም ምንም ምልክት አይተውም። «እስካሁን ምን ደረሰብን?» ላላችሁን መልሳችን ይኸው ነው።

«ስታርት ቲኤልኤስ አይበቃም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁም አላችሁ። ስታርት ቲኤልኤስ መጀመሪያ በግልጽ ተገናኝቶ ነው ቲኤልኤስ ወደተባለው የምስጠራ ዘዴ እንለፍ የሚለው። መሀል የገባ ጠላፊ ምስጠራ አለኝ የምትለዋን መስመር ከሰርቨሩ መልስ ላይ ቢያጠፋት፣ «ከተገኘ ተጠቀም» ተብሎ የተስተካከለ ፕሮግራም የይለፍ ቃሉን ገልጦ ይልካል። በፖርት 993 እና 465 ግን ምስጠራው ሳይጸና የይለፍ ቃል አይወጣም። የቆዩትን የቲኤልኤስ ስሪቶች 1.0 እና 1.1ንም ያቆምነው የኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አይኢቲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት ስላስወጣቸው ነው።

አዲስ ዕቃ ልታስገዙን ነው የሚለው ወቀሳ አሳዝኖናል። ስልክም ስካነርም አንሸጥም። የሰርቨር ወጪ እየናረ እንኳ ክፍያ ያልጨመርነው ከጅምሩ አብራችሁን ስለቆያችሁ ነው። ዝም ብለን ክፍት ብንተወው ለእኛ ይቀለን ነበር።

ማስተካከያው አጭር ነው። የገቢ ኢሜይሉን ዓይነት አይማፕ (ኢሜይል መቀበያ ዘዴ)፣ ፖርቱን 993፣ የወጪውን ፖርት 465 አድርጉ፤ በሁለቱም ላይ «ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ» የሚለውን ምረጡ። የሰርቨሩን ስም እኛ እንደሰጠናችሁ ጻፉ፤ በአይፒ ቁጥር ከተካችሁት ሰርተፊኬቱ (የሰርቨሩ ዲጂታል መታወቂያ) አይገጥምም፣ ማስጠንቀቂያም ይመጣል። የስልኩ ቀን ከተዛባም ያው ማስጠንቀቂያ ይመጣል። «ማንኛውንም ሰርተፊኬት ተቀበል» የሚለውን ግን በፍጹም አትንኩ፤ ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ሳታውቁ መመስጠር ከጠላፊ አያድንም። በመጨረሻ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ ቀድሞ የተቀዳ ካለ ዛሬም ይሠራልና።

ከአንድሮይድ 5 ወዲህ ያሉ ስልኮች ቀጣዩን ስሪት ቲኤልኤስ 1.2ን ይችላሉ። ስካነሩ ፈርምዌሩ (የውስጥ ሶፍትዌሩ) ታድሶም እምቢ ካለ ሰነዱን በፍላሽ አስቀምጡና ከኮምፒውተር ላኩት። ይህ ምስጠራ እኛ ሰርቨር ድረስ ብቻ መሆኑንም እወቁ፤ ጥብቅ ምስጢር የያዘ ፋይል ለብቻው ይመስጠር።

ወደ ሌላ ድርጅት ለመዛወር ያሰባችሁ መብታችሁ ነው፤ ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት ፖርት 143 ያለ ምስጠራ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁልን። ማስተካከሉ ያቃታችሁ የዕቃውን ሞዴልና የሚያሳየውን የስህተት መልእክት ጻፉልን፣ አብረናችሁ እንሠራዋለን። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለእኛም ቢሆን አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት