ስልጠናው ለላይሰንስ ነው ወይስ ለታካሚ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙ ይቅር። የምጽፈው ስለ ሲፒዲ ነው፤ ላይሰንስ ለማሳደስ ስለምንጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና። ይቅር ልል አይደለም። እንዲያውም ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። የተጣላሁት ከአሰጣጡ ጋር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላት ልጅ ወንድሟ ይዟት መጣ። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ትሆናለች። እንቅልፍ የላትም፣ ሌሊት እየጮኸች ትነሳለች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ወንድሟን ውጭ አስቀመጥኩት፤ ያንን እንኳ አውቄያለሁ። ከዚያ ወረቀቴን አወጣሁና "እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ" አልኳት። ኮሌጅ እያለሁ የያዝኩት ነገር ነው፤ የታመቀ ነገር ከወጣ ይቀላል የሚል።

እሷ ካርዷን የያዘችበትን ፌስታል እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ መልሳ እያጠፈች ትንሽ ቆየች። "ሲስተር፣ አሁንም ልናገር? ኤርፖርት ጠይቀውኛል፣ መጠለያም ጠይቀውኛል" አለችኝ። እኔ ደግሞ ያበረታታሁ መስሎኝ "አይዞሽ፣ ይውጣልሽ" አልኩ። ጀመረች። መሀል ላይ ካርድ የሚያመላልሰው ልጅ ሳያንኳኳ በሩን በርግዶ ገባ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። ፌስታሉ ብቻ እጇ ላይ ይንኮሻኮሻል። ለእንቅልፏ ዲያዜፓም አጻፍኩላትና ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኘኋት።

አልተመለሰችም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባችን አወራሁት። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነው። ሻይ እየጠጣን ነበር። አልተቆጣኝም። "ማደሪያዋ የት እንደሆነ ጠይቀሻታል? ቤተሰቡ ለደላላ የተበደረው ገንዘብ ይኑር አይኑር ጠይቀሻታል?" አለኝ። አልጠየቅኩም። "በሩንስ ማን ይዝጋልሽ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ሰው ሳይፈልግ የደረሰበትን እንዲተርክ መገፋፋት ሊጎዳው እንደሚችል፣ መጀመሪያ የሚቀድመው ደህንነቷ፣ ማደሪያዋ፣ አጠገቧ ያለው ሰው እንደሆነ፣ እኔ ያጻፍኩት መድኃኒትም ለእንደዚህ ዓይነት ነገር እንደማይመከር አስረዳኝ። ሁሉም አስር ደቂቃ አልፈጀም።

በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ ሰውን እንዲናገር አታስገድዱ የሚለው በግልጽ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አስደንጋጭ ነገር ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለእንቅልፍ ማጣት ዲያዜፓምና መሰሎቹ እንዳይሰጡ መክሯል። ይሄ ሁሉ ጊዜ አልፏል እንግዲህ። እኔ ጋ የደረሰው በሻይ ሰዓት ነው።

ሰርተፊኬት አጥቼ እኮ አይደለም! ፋይሌ ውስጥ ኢንፌክሽን መከላከል አለ፣ መረጃ አያያዝ አለ፣ ቲቢ አለ። የተገኘውን ነው የምንወስደው፤ ለላይሰንሱ የሚጠየቀው ነጥብ ይሙላ እንጂ። የአእምሮ ጤናም አንዴ ደርሶኛል፤ ሦስት ቀን፣ ሆቴል አዳራሽ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አሰልጣኙ ያነብልናል። ከስልጠናው በፊትና በኋላ የምንፈተነው ፕሪ ቴስትና ፖስት ቴስት ላይ ያሉት ጥያቄዎች አንድ ናቸው። አንዱ ታካሚ አንዱ ባለሙያ ሆናችሁ ተለማመዱ ሲባል ሁለት ልጆች ወጥተው ሳቁ፣ እኛም ሳቅን፣ ተጨበጨበ፣ ወደ ሻይ ወጣን። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ሁሉም ዓይኑ አበል የሚከፍለው ሰውዬ ላይ ነው። አበሉን አልጠላሁም፣ ደሞዛችን ይታወቃል።

አገራችን ውስጥ ይህ ሥራ ትከሻው ላይ የወደቀው ማን እንደሆነም ይታወቅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሰልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር ተሂዶ ነበር የሚማረው። ሐኪሙ ጥቂት ስለሆነ ነርሱና ጤና መኮንኑ እንዲያክም ተደረገ። ትክክል ነው፣ ሌላ መንገድም የለም። ግን ይህ አሠራር የሚያዋጣው ከስልጠናው በኋላ የሚከታተል ሰው ሲኖር ነው። ጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ ላይ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮ ሕሙማንን እንዲያክሙ ሲደረግ ስልጠናና ክትትል አብረው ነበር የሄዱት። እኛ ጋ ስልጠናው መጣ፣ ክትትሉ መንገድ ላይ ቀረ።

ከዓረብ አገር ስለሚመለሱት ልጆች ደጋግሜ የማነሳው አንዲት ልጅ ስላጋጠመችኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመልሷል። ከዚያ በኋላም አልቆመም። ሲመጡ ቦሌ ላይ ካሜራ አለ፣ ውሃና ብስኩት አለ። ከስድስት ወር በኋላ እንቅልፍ ሲያጡ የሚያገኙት ግን እኔን ነው። ከጦርነት የተፈናቀሉትም፣ ጎዳና ላይ ያሉት ልጆችም እንደዚያው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከአንጋፋ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ በታካሚ ጉዳይ መወያየት እንደ ሲፒዲ ይቆጠርልን። ስም ሳይጠራ፣ ምን አደረግሽ፣ ለምን አደረግሽ፣ ምን ይሻል ነበር፤ በቃ ይኸው ነው። ይህን ለአንድ የሥራ ኃላፊ ብነግረው "ሳይገናኙ ይፈራረሙበታል" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ሆቴሉም ውስጥ እኮ ጠዋት ፈርሞ ከሰዓት የሚጠፋ ሞልቷል፣ ማንም ሆቴሉን ዝጉ አላለም። ደግሞ ስልጠና ሲዘጋጅ ከስደት የተመለሱ ሴቶችን ራሳቸውን ለግማሽ ቀን ጋብዟቸው፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ተከፍሏቸው። ስለደረሰባቸው ሳይሆን እኛ ጋ ሲመጡ እንዴት እንደተቀበልናቸው ይንገሩን። ከስላይዱ የበለጠ ያስደነግጠናል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን እኛ ጋ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ አራት ሆነን ከጋሼ ጋር እንሰበሰባለን፣ የመድኃኒት ካርቶን የተከመረበት ክፍል ውስጥ። በሩ ላይ "እባክዎ ያንኳኩ" የሚል ወረቀት ለጥፈናል፤ የምርመራ ክፍሌም በር ላይ እንደዚሁ። ነጥብ የለውም። የኔ ላይሰንስ ደግሞ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፣ ትንሽ ይጎድለኛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ለሁለት ቀን የቆሻሻ አወጋገድ ስልጠና ልገባ ተመዝግቤያለሁ፤ አንደኛው ቀን ሐሙስ ነው።

አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ
ከአዲስ አበባ