ያረፈድነው እኛ አይደለንም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ዱባዩ የቡድን ጉዞ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ፣ ባለቤቴም አንብባዋለች፣ ደሴ ያለ ዘመድ ሁሉ አንብቦታል ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ከወጣ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «ከወሎ የመጡት ሙሽሮች በተደጋጋሚ በማርፈዳቸው የቡድኑ ፕሮግራም ተዛብቷል» ብላችኋል። ሙሽሮቹ እኛ ነን። ስማችንን ባትጠሩም ከወሎ የሄደ ሌላ ባልና ሚስት ስላልነበረ የጠራችሁት ያህል ነው። ጋይዱ ተጠይቋል፣ የአስጎብኚ ድርጅቱ ሰው ተጠይቋል፣ ከአዲስ አበባ የሄዱት ተጠይቀዋል፣ ለኛ ግን የደወለ የለም። ቁጥራችን እኮ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አለ!

እስኪ ይሄን «ማርፈድ» የምትሉትን እንየው።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ምን እንደሚመስል የምናውቀው እኛ ነን፣ ከሚሴ ላይ ይዘጋ አጣዬ ላይ ይዘጋ ስለማይታወቅ ቀደም ብለን ወጥተን ዘመድ ቤት ነው የከረምነው። አየር ማረፊያም ከቡድኑ ቀድመን ደርሰን ጋይዱን ራሱን ቆመን የጠበቅነው እኛ ነን። የተያዝነው ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። የባለቤቴ ፓስፖርት ላይ የትውልድ ቦታ ተሁለደሬ ይላል፣ እዚሁ ወሎ ያለ ወረዳ ነው፣ በዛ ላይ የድሮ የሳዑዲ ማህተም አለበት፣ ሰርታ የተመለሰች ናት፣ በዛ ገንዘብ ነው ለእናቷ ቤት የሰራችላቸው። ተቆጣጣሪው ገፁን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «አንቺ ወደዚህ ቁሚ» አላት። ማን ነው እዛ የሚቀበልሽ፣ ለደላላው ስንት ከፈልሽ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው። ባሏ ነኝ ስል «ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው» ተባልኩ። ሌላው ተሳፋሪ እያየ እያለፈ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ሻርፗን እየጠቀለለች ትፈታለች። ያቺን ሰዓት ወላሂ አልረሳትም።

ቁጥጥሩ ለምን እንዳለ አውቃለሁ። ለስራ ወደ አረብ አገር መሄድ በ2006 ዓ.ም. ታግዶ በ2010 ነው የተነሳው፣ በጉብኝት ቪዛ አስመስለው የሚልኩ ደላሎች የስንቱን ቤት እንዳፈረሱ ከኔ ሰፈር በላይ የሚያውቅ የለም፣ የኛ እህቶች ናቸው የተጎዱት። ስለዚህ መጠየቋ አይደለም የከነከነኝ። የመመለሻ ቲኬቱ በእጃችን፣ የሆቴሉ ቫውቸር በእጃችን፣ የጋብቻ ሰርተፍኬቱ በእጃችን ነበር፣ የቀረው ከጋይዱ አንድ ቃል ነበር፣ «እነዚህ የኔ ተጓዦች ናቸው» የምትል። እሱ ግን ሌሎቹን ይዞ «ውስጥ እንገናኝ» ብሎ አለፈ፣ ስልኩንም አያነሳም። ስንለቀቅ በሩጫ ነው የተሳፈርነው። ይሄ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው «ማርፈድ»። የቡድን ጉዞ ብሎ ብር የተቀበለ ሰው ቡድኑን ጥሎ ሲገባ አረፈደ የሚባለው የተጣለው ነው እንዴ?

ሁለተኛው ደግሞ የሰዓቱ ጉዳይ ነው፣ ዘገባችሁም በጣም ያራገበው እሱን ነው። ጋይዱ ማታ ግሩፑ ላይ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሎቢ» ብሎ ፃፈ፣ በቃ ይሄው ነው። በማን 2 ሰዓት? ዱባይ ከኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። እሱ የዛ አገር ሲም ስላለው ስልኩ በራሱ ተስተካክሏል፣ እኛ ሲም አልገዛንም፣ የሆቴሉን ዋይፋይ ነው የምንጠቀመው፣ ስልኩ የኢትዮጵያን ሰዓት እንደያዘ ቀረ። በኢትዮጵያ ሰዓት ልክ 2 ላይ ሎቢ ወረድን፣ በዱባይ 3 ሆኗል፣ እነሱ 9 የሚሉት ማለት ነው። ያኔ ሎቢው ውስጥ ከኛ ጋር ማን ነበር? ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ አንድ ቤተሰብ እንደውም ልጆቹን ይዞ ከኛ በኋላ ነው ከአሳንሰር የወጣው። አዲስ አበቤው ሲዘገይ «አለመግባባት ተፈጠረ» እኛ ስንዘገይ «በተደጋጋሚ አረፈዱ»፣ ይሄን አፃፃፍ ማን ነው የመረጠው? የቡርጅ ኸሊፋው ቲኬት በሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ ያቺ ሰዓት አለፈችና 828 ሜትሩን ህንፃ አንጋጠን አይተን ተመለስን። የተናደደ ሰው በኛ ላይ ቢናደድ አልፈርድበትም፣ አውቶብስ ውስጥ በማይክራፎን «ሙሽሮቹን ስንጠብቅ ነው» ያለው ጋይዱ ነዋ።

የክፍሉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። «ክፍል አልተመቸንም ብለው ረበሹ» የተባለው ባለቤቴ ከማታውቃቸው እናት ጋር፣ እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለተመደብን ነው። ስም ዝርዝሩን የሰራው ሰው የአባታችን ስም የተለያየ ስለሆነ ባልና ሚስት አልመሰልነውም። እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድ የኢትዮጵያ አስጎብኚ ያጣዋል? ሪሴፕሽን ሄደን በትህትና ነው የጠየቅነው።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን የዘገባው መጨረሻ ነው፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ የክፍለ ሀገር ተጓዦች ስለ ጉዞ ስርዓት ገለፃ ቢሰጣቸው» የሚለው። ባለቤቴ እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም የወጣችው፣ ከዛ አውቶብስ ውስጥ ከነበረው ከአብዛኛው ሰው በፊት አውሮፕላን የተሳፈረች ናት። ወሎን ደግሞ ስለ ጉዞ ልታስተምሩት? ለመስከረም 21 ግሸን የሚወጣውን ህዝብ አይታችኋል? ላሊበላ በወሎ ምድር ነው ያለው፣ ፈረንጁ ከ1970 ዓ.ም. በፊትም ዩኔስኮ ሳይመዘግበው ጀምሮ ሲመላለስበት የኖረ አገር ነው። እንግዳ አስተናግዶ አድሯል፣ ራሱም እንግዳ ሆኖ ያውቃል። የኛ ልጅ ፓስፖርት ሲይዝ ወይ ሊሸሽ ነው ወይ ሰው ቤት ልትሰራ ነው የሚባለው እስከ መቼ ነው? አግብቶ፣ ቆጥቦ፣ ሚስቱን ይዞ ለመዝናናት የሚወጣ ወሎዬም አለ፣ ይሄን አንድ መስመር መፃፍ ምን ያስቸግራል?

አሁን ደግሞ ያልፃፋችሁትን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ላይ አቡ ዳቢ የሚገኘው የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ነበር፣ ባለቤቴ የተመኘችው ከህንፃውም ከገበያውም እሱን ነው፣ ነጭ ልብስ አሰፍታ ነው የመጣችው። ከዱባይ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደረስን፣ ለካ ጎብኚ አስቀድሞ ኦንላይን መመዝገብ አለበት፣ ጋይዱ አላስመዘገበንም። አውቶብሱ ለሌላ ቀጠሮ ይቸኩላል ተባለና ከውጭ ፎቶ ተነስተን ተመለስን። አብሽሪ አልኳት፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የመጣችው። ስለዚህ ዘገባው ላይ አንድ ቃል የለም። ያን ቀን ደግሞ ሁላችንም በሰዓታችን ነበር የወጣነው!

የምጠይቃችሁ ግልፅ ነው። «ከወሎ የመጡት ሙሽሮች በማርፈዳቸው» የሚለውን ዘገባው በወጣበት ቦታ ላይ አስተካክሉ። የቴሌግራሙ መልእክት እስከነ ሰዓቱ አለን፣ ስክሪንሾቱን እንልካለን። ሁለተኛ፣ ድርጅቱን ይሄን ጠይቁልን፦ የሼኽ ዛይድ መስጊድ መግቢያ ነፃ ነው፣ እኛ የከፈልንበት ፓኬጅ ላይ ግን «የመስጊድ መግቢያ ትኬት» ተብሎ ዋጋ ተፅፎበታል። ያ ብር የምን ነበር?

የደሴ ነዋሪ