የሳይክሉ መንገድ ከተማው ዳር ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዲስ አበባ ዳር ጀሞ ውስጥ ሳይክል አከራያለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ልጆች ናቸው። አንድ ትልቅ ሰው መታወቂያ ያስይዛል፤ ልጁ በኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መሀል ይነዳል። ሰሞኑን ስለ ሳይክል መንገድ ብዙ ይወራል። በኮሮና ጊዜ እኛ ሰፈር የሆነውን ግን ማንም አያነሳውም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ሥራዬ ቀጥ አለ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቤት ናቸው፤ ግን የትኛዋ እናት ልጇን ታስወጣለች? ሌላ ሰው የጨበጠውን መሪ መንካት ያስፈራ ነበር። ውጭ አገርም ያው ነው። ላይም እና በርድ የሚባሉት የኪራይ ስኩተር ድርጅቶች በዚያው ወር ከብዙ ከተሞች ስኩተሮቻቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ታክሲ በግማሽ መጫን ጀመረ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ከጀሞ መሀል ከተማ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ያኔ አዋቂዎች መጡ። ግንበኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች። «ለሰዓት ሳይሆን ለሙሉ ቀን ስጠን» ይሉኝ ነበር። ለአዋቂ የሚሆኑ ሳይክሎች ጥቂት ስለነበሩኝ ወረፋ ተያዘባቸው። መሪውንና ኮርቻውን ደንበኛው እያየ በአልኮል ካልወለወልኩ አይረከበኝም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሳይክል ነድታ አታውቅም ነበር። ማታ ማታ ወንድሟ ኮርቻውን እየያዘላት ከብሎኩ ጀርባ ተለማመደች። ከዚያ በኋላ ሥራ የምትሄደው በሳይክል ሆነ።

ተከራዩ ከቀድሞው ቢያንስም የሚሄደው ርቀት ረዘመ። በኒውዮርክ የኪራይ ሳይክል ለጤና ባለሙያዎች በነፃ ተሰጥቶ ነበር። ቦጎታ ደግሞ በዚያው መጋቢት ከመኪና መንገዷ ላይ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሳይክል ከለለች። እኛ ጋ ሰዉ በራሱ ጊዜ ወጣ እንጂ መንገድ የከለለለት አልነበረም።

ታክሲ በሙሉ መጫን ሲጀምር አዋቂዎቹ ቀሩ። ለምን እንደሆነ ጠይቄአቸዋለሁ። ሳይክል ጠልተው አይደለም። ከጀሞ እስከ ለቡ የሳይክል መንገድ አለ፤ ከዚያ ሲያልፉ ግን ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት ነው። ሥራ ቦታ ሲደርሱም የሚያቆሙበት የለም። «ቢሰረቅ ማን ይከፍልልኛል?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው፤ የሳይክሉ ዋጋ ከወር ደመወዙ ይበልጣል።

አሁን በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማው የሳይክል መንገድ አግኝቷል። ደስ ይላል። ግን በታክሲ ወጪ የሚጎዳው ዳር ያለው ነዋሪ ነው። ስለዚህ መንገዱ ዳር እስካሉት እስከ ጀሞ፣ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ ይገናኝ። ታክሲ መያዣዎቹ አጠገብም ለሰፈር አከራዮች ትንሽ ሼድና ጠባቂ ያለው ማቆሚያ ይፈቀድ። የቦታውን ኪራይ ለመክፈል ዝግጁ ነን፤ ጥገናውንም ጽዳቱንም እኛው እንሠራለን።

ሳይክል አከራዩ፣ ከጀሞ